የተማሪ ክበብና ግብረ ሠናይ ድርጅት አብረው እንዲሠሩ፦ ለሰሜን ሸዋ ክበቦች ዝርዝር መመሪያ

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳ ያሉ የተማሪ ክበቦች ለግብረ ሠናይ ድርጅቶች የሚያስገቡት ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ማኅተም አለው፤ «በአየር ንብረት ለውጥ ላይ ግንዛቤ ለመፍጠር» ይላል፤ ከግርጌው የባነር፣ የቲሸርትና የሻይ ቡና ዋጋ ተዘርዝሯል። መልስ አይመጣም። ቢመጣም አንድ ቀን ሰልፍ ተወጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ተማሪው ስለሰነፈ ወይም ድርጅቱ ስለናቀው አይደለም። ክበቡ ድርጅቱ ሊሠራው የማይችለውን ሥራ፣ ሊሠራው በማይችልበት ወር ስለጠየቀ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል አንድ ሥራ ይዞ ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ርክክቡ ይሄዳል፦ በደጋ ቀበሌ ያለን አንድ ምንጭ መጠበቅ። ሌላ ጉዳይ የያዘ ክበብ ምንጩን በራሱ ጉዳይ ይተካ፤ ደረጃዎቹን ግን አይዝለል።

ደረጃ 1፦ ከግቢ ከመውጣታችሁ በፊት

እነዚህን አሟሉ፦

- ክበቡ በትምህርት ቤቱ ወይም በዩኒቨርሲቲው የተመዘገበ ይሁን። በዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ዲንን፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ።
- በጽሑፍ የተመደበ አማካሪ መምህር ይኑር። «እረዳችኋለሁ» ያለ መምህር አይበቃም።
- ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና አስተባባሪ ምረጡ። ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ በዚያ ዓመት የማይመረቁ ይሁኑ።
- የቃለ ጉባኤ መዝገብ ክፈቱ። የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ የምርጫው ይሁን።
- የትምህርት ካላንደሩን ከሬጅስትራር ወስዳችሁ የፈተና ሳምንቶችን ምልክት አድርጉባቸው።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ ክበብ በራሱ ሕጋዊ ሰውነት የለውም። ስለዚህ ውል የሚፈርምለትም ሆነ ገንዘብ የሚገባለት ትምህርት ቤቱ ነው። «በሰብሳቢው የባንክ ሒሳብ ይግባልን» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ደብዳቤውን ሳይነበብ ታስመልሰዋለች፤ ሰብሳቢውንም ለችግር ታጋልጠዋለች።

ደረጃ 2፦ የዓለሙን ጉዳይ ወደ አንድ ቀበሌ አውርዱት

የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያጸደቃቸው የዘላቂ ልማት ግቦች 17 ናቸው፤ ቀነ ገደባቸውም 2030 ነው። ብዙ ክበቦች 17ቱንም በባነር ላይ ይደረድራሉ። አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ከዚያም ሰፈር ስጡት።

የአየር ንብረት ለውጥ በባሶና ወራና ደጋ ማለት የበልግ ዝናብ ሲዘገይ የሚመነምን ምንጭ ነው። ብዝኃ ሕይወት በመንዝ ማለት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ገበሬውም ለቤት ክዳን ሣር የሚያጭድበት ጓሳ ነው። መፈናቀል በደብረ ብርሃን ማለት ከከተማው ጋር የሚኖሩ ተፈናቃይ ቤተሰቦች ናቸው።

ከስብሰባው ሳትወጡ ይህን ዐረፍተ ነገር ሙሉ፦ «በ___ ቀበሌ፣ ___ በሚባለው ቦታ፣ ___ የሚለውን ችግር፣ ከ___ ጽሕፈት ቤት ጋር ሆነን፣ እስከ ___ ወር እንጨርሳለን።»

አንድ ክፍት ቦታ እንኳ መሙላት ካቃታችሁ ጉዳዩ ገና ሰፊ ነው። በተለይ ቦታውና ወሩ ባዶ ከቀሩ ወደፊት አትሂዱ። «ግንዛቤ መፍጠር» የሚለውን ቃል ከዐረፍተ ነገሩ አውጡት። ከምንጩ ውሃ ስትቀዳ የምትውል ሴት ምንጩ እየደረቀ መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ያጣችው ግንዛቤ ሳይሆን አጥር፣ ቦይና ሲሚንቶ ነው።

ደረጃ 3፦ በቦታው ማን እየሠራ እንደሆነ ጠይቁ

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ክበቦች ብዙ ናቸው፤ ደብዳቤያቸውም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ወደ ወረዳ የሚገባው ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር የፕሮጀክት ስምምነት ፈርሞ ነው። ስምምነቱ በየትኛው ወረዳ፣ ምን ሥራ፣ በስንት በጀት እንደሚሠራ ይወስናል። የድርጅቱ አስተባባሪ ሐሳባችሁን እጅግ ቢወደው እንኳ ከስምምነቱ ውጭ ላለ ቀበሌ ሲሚንቶ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ አዲስ ፕሮጀክት አትጠይቁ። ባለው ፕሮጀክት ውስጥ ክፍተት ፈልጉና ያንን ለመሙላት ቅረቡ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ከትምህርት ቤታችሁ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ወደ ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የትኞቹ ምንጮች እንደጎለበቱ፣ ማለትም በግንብ ተይዘው ለመቅጃ እንደተዘጋጁ፣ የትኞቹ ገና እንደሆኑ ጠይቁ።
2. በወረዳው ወይም በዞኑ ገንዘብ መሥሪያ ቤት በኩል በውሃ፣ በጤናና በተፈጥሮ ሀብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶችን ዝርዝር ጠይቁ።
3. ቀበሌው ዘንድ ቅረቡ። የግብርና ልማት ሠራተኛውንና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ሳታናግሩ አትመለሱ፤ ቤት ለቤት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።
4. የውሃ ኮሚቴ ካለ ሰብሳቢውንና ገንዘብ ያዧን አግኙ።

ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከሆነ ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስመዝግባችሁ ቁጥሩን ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ «ደብዳቤ ቁጥር ይህን ያህል» ብሎ የሚጠይቅና «ባለፈው መጥተን ነበር» የሚል እኩል አይስተናገዱም።

ጓሳን ለመረጡ ክበቦች፦ የጓሳ መሬት የራሱ የማኅበረሰብ አስተዳደር አለው። ሣር የሚታጨድበትና የሚዘጋበት ጊዜ በእነሱ ይወሰናል። ከወረዳው ፈቃድ ብታገኙም የማኅበረሰቡን አስተዳደር ሳታናግሩ ወደ ጓሳ አትውጡ።

ደረጃ 4፦ ለኩ

ቁጥር የያዘ ክበብ ይደመጣል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

*የሚያስፈልጋችሁ፦* አፉ በሰፊው የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ አጭር ቱቦ፣ ሰከንድ መቁጠሪያ ያለው ስልክ፣ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በዝናብ ይደመሰሳል።

1. ቀድማችሁ 20 ሊትሩ የት ላይ እንደሚደርስ በመስመር ምልክት አድርጉ።
2. የምንጩን ውሃ በጭቃና በድንጋይ ሰብስባችሁ በቱቦው አውርዱት። በጎን የሚያልፍ ውሃ ካለ ልኬቱ ውሸት ይሆናል።
3. እስከ መስመሩ ለመሙላት የፈጀውን ሰከንድ መዝግቡ። ሦስት ጊዜ ደግማችሁ አማካዩን ውሰዱ።
4. ሊትሩን ለሰከንዱ አካፍሉ።

ለምሳሌ 20 ሊትሩ በ40 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ 0.5 ሊትር፣ በሰዓት 1,800 ሊትር፣ በቀን 43,200 ሊትር ይሰጣል። በገጠር ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር የሚለውን የሀገራችንን መለኪያ ብንወስድ ይህ ለ1,728 ሰው ይበቃል። ማጠራቀሚያ ከሌለ ግን የሌሊቱ ውሃ ሜዳ ላይ ይፈስሳል። ሰው የሚቀዳው 12 ሰዓት ብቻ ከሆነ የሚደርሰው ለ864 ሰው ነው። ይህች አንዲት ስሌት ማጠራቀሚያ ለምን እንደሚያስፈልግ ከአሥር ገጽ ፕሮፖዛል በላይ ታስረዳለች።

ማስጠንቀቂያ፦ ክረምቱ እንደወጣ፣ በመስከረም የተለካ ምንጭ ያሳስታል። ከቻላችሁ በጥር ድገሙት፤ ሁለቱንም ቁጥሮች ከነቀናቸው አቅርቡ።

ከልኬቱ በኋላ ከንጋት ጀምሮ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ስንት ሰው እንደቀዳ፣ ስንት ደቂቃ ወረፋ እንደጠበቀ፣ ከብት በዚያው ይጠጣ እንደሆነ መዝግቡ። የቦታውን ንድፍ በደብተራችሁ ሥሉ፤ ከምንጩ በላይ 30 ሜትር ውስጥ መጸዳጃ ካለ በንድፉ ላይ አስገቡት። ባሕር ዛፍ ተጠግቶ ከበቀለም እንዲሁ፤ ውሃ ይሻማል።

*የውሃ ናሙና ማስመርመር ከፈለጋችሁ* ራሳችሁ አትገምቱ። ለባክቴሪያ ምርመራ የሚወሰድ ናሙና በጸዳ ጠርሙስ፣ በበረዶ ሣጥን ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ቀጠሮውን ከላቦራቶሪው ጋር አስቀድማችሁ ያዙ። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው፣ ውሃው በዓይነ ምድር መበከሉን የሚያሳይ ባክቴሪያ ጭራሽ ሊኖርበት አይገባም።

*ውጤቱ መጥፎ ከሆነ፦* በመንደሩ ወይም በፌስቡክ አታውጁ። በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ውጤቱን በወረቀት ስጡ፤ ለነዋሪው የሚነግሩት እነሱ ናቸው። አፍልቶ መጠጣት ከተመከረ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ውሃው መፍላት ከጀመረ በኋላ እየፈላ 3 ደቂቃ መቆየት እንዳለበት አስታውሱ። የደብረ ብርሃን ዙሪያ ደጋ ከዚያ እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል።

ደረጃ 5፦ ወሮቹን አጣጥሙ

በእኔ እምነት አብሮ መሥራትን የሚያፈርሰው ዋናው ነገር ገንዘብ ማጣት ሳይሆን የአራት ካላንደሮች አለመገናኘት ነው።

የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ከውጭ ገንዘብ የሚያገኙ ብዙ ድርጅቶች ደግሞ በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ በሚጀምረው የፈረንጆች ዓመት ይሄዳሉ። ተማሪው በፈተናና በእረፍት ይታሰራል። ገበሬው በዝናቡና በበዓሉ። አራቱን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሥሩና ክፍት ቦታውን ፈልጉ።

ለደጋው ብዙውን ጊዜ የሚያዋጣው ይህ ነው፦

- መስከረምና ጥቅምት፦ የመጀመሪያ ልኬትና ከድርጅቱ ጋር የመጀመሪያ ንግግር። የፈረንጆቹን ዓመት የሚከተል ድርጅት ቀጣዩን ዕቅዱን የሚያዘጋጀው በዚህ ወቅት ነው፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የደረሰ ሐሳብ ዓመት ይጠብቃል።
- ኅዳርና ታኅሣሥ፦ መኸር ይሰበሰባል። የሰው ጉልበት አትጠይቁ። መግባቢያ ሰነዱን ጨርሱ።
- ጥርና የካቲት፦ ሁለተኛው ልኬት፣ የአጥርና የቦይ ሥራ። የተፋሰስ ልማት የሕዝብ ዘመቻ የሚካሄደውም በዚህ አካባቢ ስለሆነ ቀበሌው ምንጩን በዘመቻው ዕቅድ እንዲያስገባው ጠይቁ። በልግ አብቃይ በሆነ ቀበሌ ግን የካቲት ሲገባ ገበሬው ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ቀናችሁን ወደ ጥር ሳቡት።
- ሚያዝያና ግንቦት፦ የችግኝ ጉድጓድ ቁፋሮ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ የሚያወጡበትም ጊዜ ስለሆነ ምንጩን እንዲይዙላችሁ አመልክቱ።
- ሐምሌ፦ ተከላ።

ችግኝ ላይ ቆም ልበል፤ የሚባክነው ልፋት ያሳዝነኛል። ተከላው ሐምሌ ላይ ሲሆን ተማሪው ወደየቤቱ ሄዷል፤ ስለዚህ ክበቦች ለፎቶ ሲሉ በሚያዝያ ይተክላሉ፤ ችግኙም ክረምቱ ሳይደርስ ይደርቃል። እንዲህ አታድርጉ። ጉድጓዱን እናንተ ቆፍሩ፤ ተከላውን በአካባቢው የሚከርሙ አባላትና የቀበሌው ወጣቶች ይፈጽሙት። ክበቡ በጥቅምት ሲመለስ የጽድቀት ቆጠራ ያካሂድ። ከተተከለው ስንቱ እንደጸደቀ ተቆጥሮ የቀረበ ዘገባ ለድርጅት ከየትኛውም ፎቶ ይበልጣል። በደጋው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ሌሊት ውርጭ ስላለው ለጋ ችግኝን በሣር ሸፍኑ። ከምንጩ ዙሪያ ለሚተከለው እንደ ወይራ፣ ኮሶና የሐበሻ ጥድ ያለ ሀገር በቀል ምረጡ።

ለስብሰባ ቀን ስትመርጡ የገበያ ቀንን ሽሹ። ገበሬው የእርሻ ሥራ የማይሠራባቸው የወር በዓላት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ለውይይት ይመቻሉ። ሙስሊም ነዋሪ በሚበዛባቸው የቆላ ቀበሌዎች የዓርብን ጁምዓ ጠብቁ።

ደረጃ 6፦ የአንድ ገጽ ጥያቄና የፊት ለፊት ንግግር

ረጅም ፕሮፖዛል አትጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. የምንጩ ስምና ቀበሌ፣ እስከዚያ የለካችሁት ቁጥር ከነቀኑ፣ የተጠቃሚ ቤተሰብ ብዛት።
2. ከወረዳው ማን እንደሚያውቀው፣ ከደብዳቤ ቁጥሩ ጋር።
3. ክበቡ የሚሰጠው፦ የስንት ተማሪ ጉልበት፣ ለስንት ቅዳሜ፣ መረጃ መሰብሰብ፣ በጥቅምት የጽድቀት ቆጠራ።
4. ከድርጅቱ የሚጠየቀው፦ ባለሙያ፣ መጓጓዣ፣ ዕቃ። በብር ሳይሆን በዓይነት።
5. የአማካሪ መምህሩ ስምና ፊርማ።

ቢሮ ስትገቡ ከሁለት ወይም ከሦስት አትብለጡ። እንዲህ ጀምሩ፦ «እንደምን አደሩ። በዚህ ወረዳ የምንጭ ማጎልበት ሥራ እንዳላችሁ ከውሃ ጽሕፈት ቤት ሰምተን ነው የመጣነው። ይህን ምንጭ ለክተናል። ከዕቅዳችሁ ጋር የሚሄድ ከሆነ እኛ የምንሠራው ይኸውላችሁ።» ከዚያ ዝም በሉና አድምጡ።

*«በጀት የለንም» ካሉ፦* አትሟገቱ። «በጀት የማይጠይቅ ባለሙያ ለግማሽ ቀን ቢልኩልን» ብላችሁ ጠይቁ። እሱም ካልሆነ ቁጥራችሁን ትታችሁላቸው ውጡና በቀጣዩ የዕቅድ ወቅት ተመለሱ።

*«መጀመሪያ ቲሸርትና ባነር እናሠራ» ካሉ፦* በአክብሮት እምቢ በሉ። ያ ገንዘብ የአጥር ሽቦ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 7፦ መግባቢያ ሰነድና ገንዘብ

ሰነዱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። እነዚህ ግን አይቅሩበት፦ ማን ምን እንደሚሠራ፣ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ወር፣ ዕቃው በማን መጋዘን እንደሚቀመጥ፣ የተሰበሰበው መረጃና ፎቶ የማን እንደሆነ፣ መንገድ ቢዘጋ ሥራው እንዴት እንደሚቆም፣ ሰው ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክም። ትምህርት ቤቱ፣ ድርጅቱና ቀበሌው ይፈርሙ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ድርጅቶች በደረሰኝ ላይ የሚጨነቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ወጪው የየትኛው ሥራ እንደሆነ በወረቀት ማሳየት አለባቸው። አግዟቸው።

- ተማሪ ጥሬ ገንዘብ አይያዝ። ዕቃው በድርጅቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ግዥ ይገዛ።
- ለአህያ ኪራይና ለምሳ በገጠር ደረሰኝ አይገኝም። ድርጅቱ የሚቀበለውን የክፍያ ፎርም አስቀድማችሁ ውሰዱ፤ ተቀባዩ ይፈርም ወይም በአውራ ጣቱ ያትም።
- ውሎ አበል ከመጀመሪያው ይነገር። ለተማሪ ምሳና መጓጓዣ ብቻ ይበቃል። ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ሰው ውሎ አበል ከጠየቀ «ይህን የሚመልሰው ድርጅቱ ነው» ብላችሁ ወደ አስተባባሪው ምሩ።

ደረጃ 8፦ የመስክ ቀን

ከዋዜማው ጀምሩ። ማምሻውን ለቀበሌው ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ፤ ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት ድገሙት። አጠራጣሪ ነገር ካለ ጉዞው ይቅር። ማንም ተማሪ ለአንድ ምንጭ ሲባል ሕይወቱን አያስይዝ፤ ቀን ይተካል። ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ እንዳትገኙ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። ኔትወርክ ስለማይታመን የተሳታፊ ስምና የቤተሰብ ስልክ በወረቀት ተጽፎ አንዱ ቅጂ ከእናንተ ጋር፣ ሌላው ከአማካሪ መምህሩ ዘንድ ይሁን።

ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ተማሪ ወላጅ የፈረመበት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። ያለ ወረቀቱ መኪና ላይ አይውጣ።

መንደር ስትደርሱ ወደ ምንጩ አትሩጡ። ሽማግሌዎቹን ሰላም በሉ፤ አንቱ በሉ። «እንደምን ዋሉ አባባ፣ እንደምን ዋሉ እማማ። ከደብረ ብርሃን የመጣን ተማሪዎች ነን። ስለ ምንጩ እርስዎ የሚያውቁትን ሊነግሩን ይችላሉ?» ምንጩ ድሮ እስከየት ይፈስስ እንደነበር፣ በየትኛው ዓመት እንደደረቀ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ጠበል ከሆነ ወይም ለጠበል የተለየ ክፍል ካለው ቄሱን ሳታናግሩ ድንጋይ አታንሡ።

የሥራው ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ከምንጩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ ቀጥሎ አጥር፣ ከዚያ ከአጥሩ ውጭ ለከብት የሚሆን ገንዳ። ገንዳውን ካስቀራችሁ ከብቱ አጥሩን ያፈርሰዋል፤ ባለ ከብቱንም መውቀስ አይቻልም። የምንጩን ዓይን መቆፈርና ሲሚንቶ መሥራት የባለሙያ ሥራ ነው። ያለ ቦታው የተቆፈረ ምንጭ ውሃው ወደ ሌላ ሊዞር ይችላል፤ ተማሪ አይንካው።

*ቀበሌው በአጥሩ መስመር ላይ ካልተስማማ፦* ሥራውን አቁሙ። አጥሩ የሚያልፍበት መሬት ባለቤት አለው። የቀበሌው አስተዳደርና ሽማግሌዎች ተነጋግረው ቃለ ጉባኤ እስኪይዙ ቦዩን ብቻ ሥሩ።

ከተፈናቃዮች ጋር ለሚሠሩ ክበቦች ደንቡ ጥብቅ ነው። ፊት የሚያሳይ ፎቶ አታንሡ፣ ስም አትመዝግቡ፣ ቃል አትግቡ፣ ዕቃ በእጃችሁ አታከፋፍሉ። መለኪያ ከፈለጋችሁ በሰብዓዊ እርዳታ የሚሠራበት ስፊር የሚባለው መመዘኛ ቢያንስ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውሃ፣ ለ250 ሰው አንድ ቧንቧ፣ ውሃውም ከ500 ሜትር ያልራቀ ይላል። ከዚህ የጎደለውን ቆጥራችሁ በመጠለያው ውስጥ ለሚሠራው ድርጅት ማቅረብ ልብስ ሰብስቦ ከመሄድ ይልቅ ይጠቅማል።

ደረጃ 9፦ ርክክብ

ሥራው አለቀ የሚባለው ተረካቢ ሲፈርም ነው። የውሃ ኮሚቴው፣ ቀበሌውና ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ባሉበት፦

1. የአጥሩ ቁልፍ ለማን እንደተሰጠ በስም ጻፉ። ሁለተኛ ቁልፍ ለሌላ ሰው ይሰጥ።
2. ቦዩን ከክረምት በፊት ማን እንደሚጠርግ፣ የተሰበረ እንጨት በማን ወጪ እንደሚተካ ወስኑ። ኮሚቴው ከየቤቱ መዋጮ ይሰበስብ እንደሆነ ራሱ ይወስን፤ እናንተ ተመን አታውጡ።
3. በዚያው ቀን ምንጩን እንደገና ለኩ፤ ቁጥሩን በቃለ ጉባኤው አስገቡ።
4. የርክክቡ ቅጂ ለአምስት ቦታ ይድረስ፦ ለኮሚቴው፣ ለቀበሌው፣ ለወረዳው፣ ለድርጅቱ፣ ለክበቡ።

ለድርጅቱ ዘገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ አስገቡ። የታቀደውን፣ የተሠራውን፣ ያልተሠራውንና ምክንያቱን ጻፉ። ያልተሠራውን አትደብቁ፤ የድርጅቱ ሰው ቦታው ሄዶ ማየቱ አይቀርም።

*ሰብሳቢው ተመርቆ ክበቡ ከተበተነ፦* አማካሪ መምህሩ መዝገቡንና የርክክብ ሰነዱን ይያዝ። በጥቅምት የሚመረጠው አዲስ አመራር የመጀመሪያ ተግባሩ ሌላ ጉዳይ መምረጥ አይሁን። ጀሪካኑን፣ ቱቦውንና ደብተሩን ይዞ ወደዚያው ምንጭ ይሂድ፣ ይለካ፣ የጸደቁትን ችግኞች ይቁጠር፣ ቁጥሩን ለድርጅቱ ያስገባ።